በውሃ ላይ የመሬት ክርክር

ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው ባሌ መተንፈሱን ነው። ቀጥሎ ቤቴ አለመስመጡን አያለሁ። ፊቴን የምታጠበው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ባሌ ኢዮስያስ ወጣትነቱን በሸንኮራ ማሳ ቃጠሎ ጭስ ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው። ሳንባው ከሸንኮራው ጋር አብሮ ተቃጥሏል። አልጋው አጠገብ ያለችው የኦክስጅን መሣሪያ ሌት ተቀን እንደ ድመት ታንኮራፋለች። እሷ ከቆመች እሱም ይቆማል።

"እንዴት አደርክ?" እለዋለሁ።

"ያው ነው" ይለኛል።

ይቺ "ያው ነው" የምትባል መልስ እንዴት እንደምታንገበግበኝ! አንድ ቀን እንኳ "ዛሬ ተሽሎኛል" ወይም "ዛሬስ ብሶብኛል" ቢለኝ ምናለበት? ያው ነው ይለኛል። እኔም እያጉረመረምኩ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ውጭ ስወጣ ሰፈሩ በሙሉ ከጀልባው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ገመድ ሲስብ ነው የማገኘው። በሰቃ ሐይቅ መተሐራን ከዋጠ ወዲህ እዚህ የተወለዱ ልጆች ከተማው ድሮ ደረቅ ነበር ሲሏቸው ይስቃሉ። አውራ ጎዳናው ከሥራችን ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን የድሮው መናኸሪያ ጣሪያ ይታያል። መንግሥት የጀልባ ኮንዶሚኒየም ሲያወጣ እኔና ኢዮስያስ አዲስ ተጋቢዎች ነበርን፤ ዕጣ ደረሰን ብለን ጨፈርን። የደረሰን ሁለት ክፍል ያለው የአሉሚኒየም ጀልባ ነው። ከረጅሙ የሲሚንቶ ድልድይ ጋር ታስሮ፣ ከድልድዩ ምሰሶ በወፍራም ኬብል መብራት እየጠጣ ይኖራል።

የሚሳበው ገመድ ላይ የታሰረው ቤዛ ነው። ቤዛ የምንለው የዚንክ ጉማጅ ነው፤ ከጀልባው ጋር በሽቦ ተገናኝቶ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል። የሐይቁ ውሃ ጨዋማ ነው፣ ብረታ ብረት ይበላል። የሚበላው ካልሰጠነው ቤታችንን ይበላል። ስለዚህ ቤዛውን እናቀርብለታለን፤ እሱን እየቆረጠመ ቤቱን ይተውልናል። ድሮ ሰው ሲገናኝ ስለ ልጅና ስለ ከብት ይጠያየቅ ነበር አሉ። እኛ "ቤዛሽ እንዴት ነው?" እንባባላለን። "ደህና ነው፣ ፋሲካን ያሳልፋል" ብሎ የሚመልስ ሰው ቀኑ መልካም ይሆንለታል።

የእኔ ግን ፋሲካን ሊያሳልፍ ይቅርና ወሩንም አልጨረሰም። ገመዱን ስስበው እንደተጋጠ አጥንት ሆኖ ወጣ። አዲስ አሰርኩ። እሱም ሳይቆይ ተበላ። ሌላ አሰርኩ፣ ያው። ምን ዓይነት ሆዳም ሐይቅ ነው!

ነገሩ ለሳቅ የሚሆን አልነበረም። ጥር ላይ መርማሪው አቶ ናሆም መጥቶ፣ በድምፅ የምትለካ መሣሪያውን የጀልባዬ ሆድ ላይ ለጥፎ ውፍረቷን ለክቶ፣ ፊቱን ሳያዞር በቢጫ ቀለም ቀብቷት ሄዷል። ቢጫ ማለት ማስጠንቀቂያ ነው። በሚቀጥለው ምርመራ ከዚያ ልክ ትንሽ እንኳ ሳስታ ከተገኘች ቀይ ትቀባለች። ቀይ የተቀባች ጀልባ ተጎትታ ትሄዳለች፣ ነዋሪዎቿ ደግሞ ኮረብታው ላይ ወዳለው የጋራ መጠለያ ይወጣሉ። መጠለያው መብራት የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ለሌላ ሰው ፈረቃ ማለት በሻማ እራት መብላት ነው። ለኢዮስያስ ፈረቃ ማለት ሞት ነው።

ሚልኪን ጠራኋት። ሚልኪ የወደቡ መብራት ክፍል ኢንጂነር ናት፤ ፈንታሌ ግርጌ የተወለደች፣ ረጋ ያለች ልጅ። መለኪያዋን ይዛ መጣችና ኬብሌን ከፈተች። ኬብሉ ውስጥ ሦስት ሽቦ አለ። ሁለቱ መብራቱን ያመላልሳሉ። ሦስተኛው አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ነው፤ ስሙ መሬት ይባላል። መብራት ከመስመሩ ወጥቶ የጀልባውን ብረት ከያዘ በመሬት በኩል ይሄድና ማብሪያው ራሱን ያጠፋል፣ ሰውም ይተርፋል። የሁሉም ጀልባ መሬት ድልድዩ ላይ አንድ ላይ ይገናኛል። "በዚህ ሁሉ ውሃ መሃል ያለችን መሬት ይቺው ሽቦ ነች" እያልን እንቀልድ ነበር።

ሚልኪ መለኪያዋን ስታይ ቆየችና ወደ ጎረቤቴ ጀልባ በአገጯ ጠቆመች።

"እማማ ኤልዳና፣ ያ ወፍጮ ቤት መቼ ነው የመጣው?"

"ከመስቀል በኋላ ነው።"

"ቤዛ አለው?"

"ባሮክ? 'የእኔ ብረት ነች፣ ቤዛ አያስፈልጋትም' እያለ ነው የሚፎክረው። ደግሞ እውነቱን ነው፣ አንዲት የዝገት ነጥብ የለባትም።"

"አይኖርባትማ!" አለች ሚልኪ። "የእሱ ቤዛ እርስዎ ነዎታ። የእሱ ብረት ነው፣ የእርስዎ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በመሬት ተያይዘው አንድ ውሃ ውስጥ ሲገቡ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው እየተበላ ጠንካራውን ይጠብቃል። በመሬትዎ በኩል ገብቶ ነው የሚበላዎት።"

ደሜ ፈላ። እኔ ጎንበስ ቀና ብዬ ያሰርኩት ቤዛ ለባሮክ ወፍጮ ሲሞት ነበር! ሰፈሩ ደግሞ "ባሮክ እጁ የተባረከ ነው፣ ጀልባው አይዝግም" ሲል ከርሟል።

"በይ ቁረጪልኝ፣ ይሄን መሬት የተባለ ነገር!"

"እንዳያደርጉት! የአቶ ቅዱስን አላዩም?"

አይቻለሁ። ቅዱስ ሦስት ጀልባ አልፎ ነበር የሚኖረው። ቤዛ ለመቆጠብ ብሎ መሬቱን ቆረጠ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሲበላሽ፣ በእርጥብ እጁ የጀልባውን አጥር እንደያዘ ቀረ። ነፍሱን ይማር፣ ሳቂታ ሰው ነበር።

"ታዲያ ባሮክን ንቀይልኝ።"

"እሱም ሕጋዊ ነው፣ እማማ። እርስዎ ቢነቀሉ ደግሞ…" ብላ ወደ ውስጥ፣ መሣሪያዋ ወደምታንኮራፋበት ክፍል አየች። "መሬት ላይ ምንም ነገር ማስገባት፣ መቀጠልም ሆነ መቀነስ በወደቡ ደንብ የተከለከለ ነው። ይፈቀድ የሚል ትዕዛዝ ካልመጣልኝ እጄን አልሰድም።"

"ትዕዛዝ የሚሰጠው ማን ነው?"

"እኔ እንጃ። መሬትን የሚመለከተው ክፍል ይሆናላ" አለችና ተሰናብታኝ ሄደች።

እሷ የወደቡን የደህንነት ክፍል ማለቷ እንደነበር ያወቅኩት ቆይቼ ነው። እኔ ግን ምን አስቤ? መሬቴ ተበልቷል፣ መሬትን የሚመለከት ክፍል ደግሞ አለ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የሕዝብ ጀልባ ተሳፍሬ፣ ደረቁ ዳርቻ ላይ ወዳለው የመሬት ጉዳይ ችሎት ሄድኩ።

እዚያ ሰው የለም። መስኮት ነው ያለው፣ ድምፅ ያለው መስኮት። ከፊቴ የነበሩት ገበሬዎች ስለ ማሳ ተናግረው አለፉ። ተራዬ ደረሰ።

"አቤቱታዎን ይናገሩ" አለኝ መስኮቱ።

"ጎረቤቴ መሬቴን ገፍቶ ገብቶ እየበላኝ ነው።"

"የመሬቱ ስፋት?"

ምን ልበል? "አንድ ሽቦ" አልኩት።

መስኮቱ ትንሽ አሰበ። "አንድ ሽቦ። ተመዝግቧል። መሬቱ ምን ያበቅላል?"

"የባሌን እስትንፋስ" አልኩ። ሆን ብዬ ለማስለቀስ አልነበረም፤ እውነት ስለሆነ አመለጠኝ። እሱንም መዘገበው። ዳኛ ቦታው ድረስ መጥታ እንደምታይ ነግሮኝ ቀጣዩን ጠራ።

ሰፈር ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሯል። አይ የእነሱ ሳቅ! "ኤልዳና ውሃ ላይ መሬት ልታስለካ ነው!" "ገመድ ያዙላት፣ ድንበር ልትተክል ነው!" ባሮክ ራሱ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ከወፍጮው ብቅ አለና፣ "እትዬ ኤልዳና፣ እኔን በመሬት ከሰስሽኝ? መሬት የት አለኝና? ካለኝ ንገሪኝ፣ ጎመን እተክልበታለሁ" አለኝ። አብሬያቸው ልስቅ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ማታ ለኢዮስያስ ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

"ባይሳካስ?" አልኩት።

"ካልሆነ ኮረብታው ላይ አየሩ ጥሩ ነው ይባላል" አለኝ። ለቀልድ ነው። ወጥቼ ድልድዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዳኛዋ የመጣችው የካቲት መግቢያ ላይ ነው። ሶሊያና ትባላለች፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሽበታም ሴት። የሚታጠፍ ወንበሯን ድልድዩ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች፤ ከግራ እኔና ሚልኪ፣ ከቀኝ ባሮክ፣ ከኋላ ሥራ የፈታ ሰፈር በሙሉ። እኔ መዝገቡ ተሳስቷል ብላ ትታን ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

"አንድ ሽቦ ይላል" አለች መነጽሯን አስተካክላ። "የታለች?"

ሚልኪ ኬብሉን ከፍታ አረንጓዴና ቢጫዋን ሽቦ አሳየቻት። ሕዝቡ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም።

"ስሟ ማነው?"

"መሬት ነው የምንላት፣ ክብርት ዳኛ።"

"በወደቡ ደንብ ላይስ?"

"እዚያም መሬት ነው የሚላት።"

"መልካም። ተከሳሽ፣ ምን ትላለህ?"

"ክብርት ዳኛ፣ እኔ በማንም መሬት አልረገጥኩም" አለ ባሮክ ዱቄቱን ከጢሙ እያራገፈ። "ከወፍጮዬ ወጥቼም አላውቅ።"

ሚልኪ መለኪያዋን ሽቦው ላይ አደረገች። ቁጥር ታየ። "ይሄ ከእማማ ኤልዳና ጀልባ እየተበላ ያለው ነው" አለች። ከዚያ ሄዳ የወፍጮውን ኬብል ከምሰሶው ነቀለችው። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። መልሳ ሰካችው፣ ቁጥሩ ተመለሰ። ነቀለች፣ ዜሮ። ሰካች፣ መጣ። የሕዝቡ ሳቅ እየቀዘቀዘ ሄዶ ጸጥ አለ። ባሮክ ቁጥሩን እንደ እባብ ነበር የሚያየው።

"እኔ በእግዜር ስም አላወቅኩም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አለማወቅህን አምናለሁ" አለች ዳኛዋ። "ከብቱ አጥር ጥሶ የሰው ማሳ ሲገባ ባለቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ማሳው ግን ተበልቷል።" ከዚያ ወደ ሚልኪ ዞረች። "ሽቦዋ ብትቆረጥስ?"

"ሰው ይሞታል። አደጋ ሲመጣ መብራቱ የሚሸሸው በእሷ ነው።"

ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። "እኔ ወደዚህ ከመዛወሬ በፊት ገጠር ነው የፈረድኩት። ማሳ ለማሳ የተዋሰኑ ሰዎች ሲጣሉ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው የምንለው። በመካከላችሁ ድንበር ይሁን። ቤት ሲቃጠል፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ድንበር የለም፤ ሁሉም ያልፋል። ለግጦሽ ግን ማንም አያልፍም። እዚህም የምፈርደው ይሄንኑ ነው። አንቺ ልጅ፣ ሽቦ ላይ እንዲህ ዓይነት ድንበር ማድረግ ይቻላል? አደጋን የሚያሳልፍ፣ ግጦሽን የሚከለክል?"

ሚልኪ አፏ ተከፈተ። ዕድሜዋን በሙሉ ማንም ያላነሳላትን ጥያቄ የተጠየቀች ትመስል ነበር።

"አለ!" አለች። "ሳጥን ነች፣ መሬቷ መሃል ትገባለች። ትንሿን መብራት፣ የምትበላዋን ታግዳለች፤ ትልቋን፣ ሰው የምትገድለዋን ግን ትለቃለች። መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጥታ ተቀምጣለች፣ ክብርት ዳኛ። መሬት ላይ ምንም አይግባ የሚል ደንብ ስላለ ነው እንጂ!"

"ከትዕዛዝ በቀር ይላል አይደል ደንቡ? መሬትን በሚመለከት የማዘው እኔ ነኝ። በሕግ ፊት መሬት መሬት ነው።" ዳኛዋ ብድግ ብላ ወንበሯን አጠፈች። "የወይዘሮ ኤልዳና ይዞታ አንድ ሽቦ መሆኑ ተረጋግጧል። ድንበሩ ዛሬውኑ ይተከል።"

እልልታውን መጀመሪያ የለቀቀችው ማን እንደሆነች አላውቅም። እኔ ግን አላቆምኩም። ሲስቁብኝ የነበሩት ሁሉ "የእኔንስ መሬት? የእኔንስ?" እያሉ ሚልኪን ከበቧት። ሳጥኗ ከጫማ ሳጥን አትበልጥም፣ ግራጫ ነች፣ ድምፅ የላትም። ሚልኪ ገጥማ ስትጨርስ መለኪያዋን አስቀምጣ "ይዩት" አለችኝ። ዜሮ ይላል። የባሮክ ኬብል እንደተሰካ ነው፣ የእኔም እንደተሰካ ነው፣ ውስጥ የኢዮስያስ መሣሪያ ታንኮራፋለች፣ ቁጥሩ ግን ዜሮ።

ባሮክ ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ መጣ።

"እትዬ ኤልዳና፣ ጀልባዬ ዛገ!"

"እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። "አሁን ገና የራስህ ሆነ።"

አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝ፣ ምን አደርጋለሁ። ከራሴ መጠባበቂያ አንድ ቤዛ አውጥቼ፣ ሽቦውን እንዴት ፍቆ ማሰር እንዳለበት አሳየሁት። በማግስቱ ጠዋት ጎንበስ ብሎ ገመድ ሲስብ አየሁት። "ቤዛህ እንዴት ነው?" ብዬ ጮህኩለት። "ደህና ነው፣ ሰኔን ያሳልፋል!" አለኝ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱቄታችንን በመስኮት ያቀብለኛል።

ሆኖም የጥሩ ቤዛ ደስታ አንድ ነገር ነው፣ የምርመራ ቀን ሌላ። ሳጥኗ እስክትገጠም ድረስ የተበላው ምን ያህል ነው? ጥር ላይ ከተለካው በታች ሆኖ ከሆነስ? ሚልኪን ስጠይቃት "ተስፋ አለኝ" አለችኝ። ኢንጂነር ተስፋ አለኝ ሲል እንደመስማት የሚያስፈራ የለም።

አቶ ናሆም ሰኔ ላይ መጣ። ያው ፊቱ፣ ያው ባልዲ በእጁ፤ በባልዲው ውስጥ ቀይ ቀለም እንዳለ ከሩቅ አየሁ። ባሮክ ወፍጮውን አቆመ። ሰፈሩ ድልድዩ ላይ ተሰለፈ። ናሆም ጀልባዬ ሆድ ላይ መሣሪያውን ለጠፈ፣ ነቀለ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ለጠፈ። አንዴ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዴ ያጉረመርማል። እኔ የአጥሩን ብረት ይዤ በሩን ነው የማየው፤ ከበሩ ውስጥ መሣሪያዋ ስታንኮራፋ ይሰማኛል። ይቺን ድምፅ ነጥቀው ኮረብታ ላይ በፈረቃ ሊያደርጓት ነው እያልኩ በልቤ ፈጣሪን እሞግታለሁ።

ናሆም ቀና አለ።

"ያው ነው" አለ።

"ምን?"

"ያው ነው ወይዘሮ፣ ጥር ላይ የነበረችው ነች። አልሳሳችም።" ባልዲውን አነሳና ወደሚቀጥለው ጀልባ ሄደ።

ሚልኪ አቀፈችኝ፣ ባሮክ ዱቄታም እጁን አንገቴ ላይ ጣለ፣ ድልድዩ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ግን ሁሉንም ገፍቼ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ኢዮስያስ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። እሱም ለካ ፈርቶ ኖሯል፣ ዓመቱን ሙሉ እየቀለደብኝ ፈርቶ ኖሯል።

"ምን አለ?" አለኝ።

"ያው ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ያው ነው፣ ኢዮሴ! ያው ነው!"

ገባውና ሳቀ። ሳቅ ትንፋሹን ስለሚጨርስበት ከሳቀ ቆይቷል፤ ያን ቀን ግን እየሳቀ ትንፋሹ አጠረው፣ መሣሪያዋ ደረሰችለት፣ እንደገና ሳቀ። "ውሃ ላይ መሬት ያስከበረች ሚስት" አለ እያለከለከ፣ "የእኔ ነች!"

በማግስቱ ጠዋት ነቃሁ። ባሌ ይተነፍሳል። ቤቴ አልሰመጠም።

"እንዴት አደርክ?" አልኩት።

"ያው ነው" አለኝ።

ግንባሩን ሳምኩት። "እሰይ" አልኩና ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ።